ረቡዕ ረቡዕ የምትመጣው ልጅ

ጥሩዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

“እንዴት ነሽ” ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና እንደሆንሽ አምናለሁ፣ እሱ ይበቃኛል። ከተለየሽኝ አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ይኸው መጣሁ መጣሁ እያለ ነው። ደብዳቤ የመጻፍ ሰው እንዳልሆንኩ አንቺው ታውቂያለሽ። ያን ሁሉ ዓመት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ስነዳ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ልኬልሽ አላውቅም። ከደረስኩበት ደውዬ “ደርሻለሁ” እልና ስልኩን እዘጋዋለሁ፤ አንቺም በዚያው ትስቂብኝ ነበር።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ትናንት አንዲት ልጅ ስለሸኘሁ ነው። እንዴት አድርጌ እንደሸኘኋት ካንቺ በቀር የሚገባው ሰው የለኝም። ለልጃችን ለማህሌት ብነግራት “ታዲያ አባዬ፣ ደግ ልጅ ካገኘህ ለምን አትምጪ አልካት?” ነው የምትለኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ከትናንት ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አስቀድሜ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው። በርሜሉን የምሞላው እኔ ስለሆንኩ ቧንቧውን ከፍቼ እንቅልፍ ይወስደኝና ግቢውን አጥለቀልቀዋለሁ። መንገዱን እናሰፋለን ብለው የፊት ለፊቱን አጥር አፍርሰውታል፤ የእኛን እስካሁን አልነኩትም። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። መጀመሪያ እየጓጎለ አስቸግሮኝ ነበር፣ አሁን ግን ለክፉ አይሰጥም። ችግሩ ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ ስንት እንደሆነ እስካሁን ልኩን አላገኘሁትም፤ ሁልጊዜ ይተርፈኛል። ቴሌቪዥኑን ከጠዋት ጀምሮ እከፍተዋለሁ። የማየው ነገር ኖሮ እንዳይመስልሽ፤ እኔ ጓሮ ሆኜ ሳሎን ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው።

ማህሌት ሀዋሳ መጥተህ ካልኖርክ ብላ አስጨነቀችኝና ሄጄ ጥቂት ሳምንት ቆየሁ። ልጆቹ ደስ ይላሉ፣ ባሏም ጨዋ ነው። ግን ጠዋት ጠዋት ሁሉም ወደየጉዳዩ ሲወጣ እኔ የሰው ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እቀራለሁ። ብቻዬን መሆኔ ካልቀረ በራሴ ቤት ይሁን ብዬ ተመለስኩ። አልጋው ላይ አሁንም በራሴ በኩል ነው የምተኛው፤ ያንቺን በኩል አልነካውም።

ብቸኝነቴን አልደበቅኩሽም እንግዲህ። ሹፌር ስለነበርኩ ብቻዬን መሆን የማውቅበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ያኔ ብቻዬን አልነበርኩም፤ መንገዱ ሁሉ መጨረሻው አንቺ ነበርሽ። አሁን ግን ቁጭ ባልኩበት ቀኑ አላልቅ ይለኛል።

ልጅቷ ለሊሴ ትባላለች። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ እህል ይነግዳሉ። መጀመሪያ የመጣች ዕለት በር ስታንኳኳ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ያ ሰው ሁሉ ከሙቀት ሸሽቶ ቤቱ የሚከተትበት ሰዓት። ስከፍት ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፣ ሻርፕ ጣል ያደረገች ቀጭን ልጅ ቆማለች። የወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ይህ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥሩዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ስንቱ እንዲህ ብሎ በሩን እንዳንኳኳ ብታውቂ። ሥራ ላይ ሳለሽ የረዳሻቸው ባለጉዳዮችሽ መርዶውን የሚሰሙት ዘግይተው ነው። አንዱ ከመቂ፣ አንዷ ከአቦምሳ፣ በሰሙበት ቀን ተነሥተው ይመጣሉ፤ አልሰማሁም ነበር ብለው ያለቅሳሉ። ይህችም ከእነሱ አንዷ መሰለችኝና ግቢ ልጄ አልኳት።

ዘግይቶ ለመጣ ለቅሶ ደራሽ የሚደረገው ይታወቃል። አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት፣ ከዚያም እንደ ወጉ ነገሩን ከመነሻው ጀመርኩላት። ሕመሙ እንዴት እንደጀመረሽ፣ ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ፣ ከየትኛው ሆስፒታል ወደየትኛው እንዳመላለስኩሽ፣ ቀብርሽ ላይ የወጣው ሰው መንገድ እንደዘጋ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ልጅቷ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሳግ የተናነቃት መስሎኝ አይዞሽ እያልኩ ቀጠልኩ። እውነትም አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ስትወጣ በሚመጣው ረቡዕ ተመልሳ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ለቅሶ ደራሽ ቀጠሮ ይዞ ሲሄድ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በረቡዑ መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣ መንገድ ላይ ስታጠናው እንደመጣች እየታወቀባት፣ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳችኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የምትማረው ሶሻል ወርክ ነው። ከመመረቃቸው በፊት የመስክ ልምምድ አለባቸውና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየሄዱ እንዲያዩ ተመድበዋል፤ የእኔን ቤት የጠቆማት እድራችን ነው። ስምሽን የጠራችው የእድሩ ሰዎች ቤቱን ባንቺ ስም ስለነገሯት ነው። አንቺን አይታሽም ሰምታሽም አታውቅም። ለማታውቂያት ሰው እንዲያ ማልቀስሽ ምነው ብላት፣ ለማቋረጥ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ እውነትም አሳዘኑኝ አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ደሜ ፈላ። እኔ ነኝ አረጋዊ? እኔ ጡረታ ያለኝ፣ ቤት ያለኝ፣ ልጅ ወልጄ ያሳደግሁ ሰው፣ ጧሪ እንዳጣ ተቆጥሬ ተማሪ ይላክብኛል? አንቺ ማታ ማታ ከሥራ መጥተሽ ስማቸውን ሳትጠሪ ስለምታወሪልኝ ሰዎች አሰብኩ። ያኔ እራት እየበላሁ ከንፈሬን እመጥላቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ ሆኜ ተገኘሁ። ልጅቷን ተሳስተሻል፣ እዚህ ቤት የሚጎበኝ ሰው የለም ብዬ ፊት ነሳኋት። አልተከራከረችኝም። እሺ አባባ፣ ግን እዚህ ድረስ መጥቻለሁና፣ ይህ ሳምንት እንዴት አለፈ አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች።

ዝም አለች ስልሽ፣ ያችን ዝምታ ታውቂያታለሽ።

በአርባ ምናምን ዓመትሽ ከጸሐፊነት ወንበርሽ ተነሥተሽ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ስትሆኚ፣ ያውም በሶሻል ወርክ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይህ ደግሞ የምን ትምህርት ነው ይለኝ ነበር። እኔም ለቅሶ መድረስ በዲግሪ ተጀመረ እያልኩ አስቃቸው ነበር። አንቺ እንደሆንሽ ከመማርሽም በፊት የታመመ ጠያቂ፣ የተጣላ አስታራቂ ነበርሽ። ለሰው ማዘን ምን ትምህርት ያስፈልገዋል ብዬ ስሞግትሽ፣ ማዘኑንማ ሁሉም ያውቅበታል፣ እኔ የምማረው ካዘንኩ በኋላ ምን እንደማደርግ ነው አልሽኝ።

ልምምዱን ሁሉ የምትሠሪው እኔ ላይ ነበር። ከመንገድ ገብቼ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ቁጭ ስል ወንበርሽን ስበሽ ፊት ለፊቴ ትቀመጪና፣ እንደ እንግዳ ሰው ኮስተር ብለሽ፣ አሁን ምን ይሰማሃል ትይኛለሽ። ረሃብ እልሻለሁ። አትስቂም። ዝም ብለሽ ታይኛለሽ። መምህራችሁ ሰው እስኪናገር መታገሥን፣ ዝምታውን በወሬ አለመሙላትን አስተምሯችሁ ነበርና እኔ ላይ ተለማመድሽው። መጀመሪያ እቀልድ ነበር፣ ቀጥሎ እናደድ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳላስበው የመተሐራውን ነገር አወራሁልሽ። ያ ከፊቴ ሲነዳ የነበረው ጓደኛዬ መኪናው ተገልብጦ እንዴት እንዳገኘሁት፣ እጁን ይዤው እንደቆየሁ። ለዓመታት ለማንም ያልተነፈስኩትን ነው። ስጨርስ እግሬ የነበረበት ውሃ ቀዝቅዞ ነበርና አንሥተሽ ደፍተሽ ሌላ ሙቅ ውሃ አመጣሽልኝ።

ያችኑ ዝምታ ነው ልጅቷ ይዛብኝ የመጣችው። ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ሳምንቱ ረጅም ነበር አልኳት። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ላባርራት?

እንዲህ ሆነና ረቡዕ ረቡዕ መምጣት ጀመረች። በጽሑፏ ላይ ስሜ እንደማይጻፍ፣ አቶ ሀ ተብዬ እንደምጠራ ነገረችኝ። ከፊደል ሁሉ የመጀመሪያውን ስለሰጠሽኝ እግዜር ይስጥልኝ ብያት ሳቅን። ብዙውን ቃል ካንቺ ስለለመድኩት አንዳንዴ እቀድማታለሁ። ኬዝ ስትል፣ ክላይንት ስትል አውቀዋለሁ። ያንቺም ትምህርት እንደነበር ሳወራላት ዓይኗ በራ። እንዴት እንደተመረቅሽ ጠየቀችኝና የሶደሬውን አወራኋት። የምርቃትሽን ዕለት ጋዋንሽን እንኳ ሳታወልቂ ሶደሬ ወርደን፣ ኬኩን ገና ልንቆርስ ስንል ጦጣዋ ከዛፍ ወርዳ ግማሹን ይዛብን እንደወጣች። አንቺ ደግሞ ተናደሽ በዚያ በጥቁር ጋዋን ዛፍ ሥር ቆመሽ ስትቆጪያት፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ሊያነሣሽ ይሻማ እንደነበር። ለሊሴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም እንዲያ የሳቅሁት መቼ እንደሆነ ጠፋኝ።

አንድ ረቡዕ ደግሞ ነጭ ወረቀት ዘርግታ መሐል ላይ ክብ ሣለች። ይህ እርስዎ ነዎት አለችኝ። በዙሪያው የማገኛቸውን ሰዎች እየነገርኳት ሌሎች ክቦች እየሣለች ከእኔ ጋር በመስመር ልታገናኛቸው ነው። ማህሌትን ነገርኳት። ጎረቤቶቻችንን፣ የእድሩን ሴቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርሽን፣ የሱቁን ባለቤት ነገርኳት። ስለ እያንዳንዳቸው ስትጠይቀኝ ግን እንዴት እንደተዋወቅን ለመናገር በየቦታው ያንቺን ስም ጠራሁ። ማህሌት እንኳን ትደውል የነበረው ላንቺ ነው፤ አንቺ ነሽ እንካ አባትህን… ብለሽ የምታቀብይኝ። ልጅቷ ሳትፈልግ መስመሮቹን ሁሉ ባንቺ በኩል አሳለፈቻቸው። ስንጨርስ አየሁት። ከእኔ ክብ የሚወጣው መስመር አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ወዳንቺ የሚሄደው።

ጥሩዬ፣ ሞትሽን ያን ቀን እንደ አዲስ ተረዳሁት። ሰፈሩ የራቀኝ ስለጠላኝ አልነበረም። ድሮም በቀጥታ አልተዋወቅንም ኖሯል፤ እኔ የጥሩነሽ ባል ነበርኩ፣ እነሱም የጥሩነሽ ሰዎች። በሚቀጥለው ስትመጣ ለሊሴ ከእነዚህ ውስጥ ራሴ ልቀርበው የምፈልገው ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። አሰብኩና ድንኳን የሚተክሉትን ወንዶች አልኳት። አንቺ ስትሞቺ በዝናብ መሐል ድንኳኑን ሲተክሉ አይቼ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልላቸው ቀርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ከእነሱ ጋር እወጣለሁ። ካስማ የመምታት ጉልበት የለኝም፤ ገመድ እይዛለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ። ያመሰገንኳቸውም ያኔ ነው። ከአንደኛው፣ ጠጅ ቤት አካባቢ ከሚኖር ጡረተኛ ጋር፣ አሁን እሑድ እሑድ ዳማ እንጫወታለን። ያለ ኀፍረት ያጭበረብራል።

ብቸኝነቱ አለቀ ብዬ እንዳልዋሽሽ። አላለቀም። ረቡዕ ግን ነበረኝ። ማክሰኞ ሸሚዜን እተኩሳለሁ፣ ጢሜን እላጫለሁ፣ ለእሷ ለስላሳ ገዝቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሐሙስ ጠዋት ስነሣ ቀጣዩን ረቡዕ እጠብቃለሁ።

እሷ ታዲያ ከመጀመሪያው ጀምራ ልምምዱ ሲያልቅ እንደምትሄድ ነግራኝ ነበር። በየጊዜውም ታስታውሰኛለች፣ እኔ ደግሞ ያልሰማሁ እየመሰልኩ ወሬ እለውጣለሁ። ተርሚኔሽን የምትሉት፣ ሥራው ሲያልቅ ባለጉዳይን የመሰናበቱ ነገር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። አንቺ በተማሪነትሽ ስትሄጂበት ከነበረው የአረጋውያን ቤት በመጨረሻው ቀን የተመለስሽውን አልረሳውም። ልጄ እያሉ ይጠሩሽ የነበሩትን እናት ተሰናብተሻቸው መጥተሽ፣ ነጠላሽን እንኳ ሳታወልቂ በሩ ሥር ቁጭ ብለሽ አለቀስሽ። ይህን ያህል ከሚያስለቅስሽ ዝም ብለሽ ብትቀሪ ምን ነበረበት ብልሽ፣ “ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ነው የቀረባቸው። ተሰናብታቸው የሄደች አንድ ሰው ትኑር” አልሽኝ።

እዚህ ላይ ለለሊሴም የነገርኳትን ላንቺ ልንገርሽ። የእኛ አገር ሰው የታመመን ብቻውን አይተውም፣ ይመስገን። ሆስፒታል ሳለሽ አልጋሽ ዙሪያ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ብርቱካን ይዞ ሲገባ ሌላው ሾርባ ይዞ ይጠብቃል። ሁሉም ምንም አትሆኚም ይልሻል፣ አንቺም እሺ ትያቸዋለሽ። አንድ ቀን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ዓይንሽን አንሥተሽ ፈለግሽኝ፤ አጎንብሼ ጆሮዬን ስሰጥሽ፣ “ታዴ፣ ሰው ሲወጣ የምነግርህ አለ” አልሽኝ። ጠበቅሁ። ሰው አልወጣም። ሲመሽ በሴቶች ክፍል ወንድ አያድርም ተባለና እህትሽ አደረች፣ እኔ ወደ ቤት ሄድኩ። በማግስቱም ሰው አልወጣም። አንቺ ነሽ የሄድሽው።

ልትነግሪኝ የነበረው ምን ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተብሰለሰልኩ። የቤት ጉዳይ ይሆን? የማህሌት? በማን ቅር ብሎሽ ነበር? ለሊሴ ይህንን ስነግራት ወንበሯን ወደ እኔ ጠጋ አደረገች።

ትናንት የመጨረሻው ረቡዕ ነበር። ከአባቷ የተላከ በሶ ይዛልኝ መጣች። ለስላሳውን ከፈትኩላት፣ አልጠጣችውም። የዕለቱ ሥራዋ መሰናበት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አስተማሪዋም ስንብቱን እንዴት እንዳደረገችው ይጠይቋታል። እሷ ግን ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ መንገዱ አወራች። በመጨረሻ አንገቷን ደፋ አድርጋ ነገሩን አወጣችው። ባቱ ውስጥ ሕፃናትን የሚረዳ አንድ ድርጅት ሥራ እንድትጀምር ጠርቷታል። ልትሄድ ግን አልፈለገችም። እዚሁ አዳማ ሌላ ሥራ እስካገኝ እቆያለሁ፣ ረቡዕ ረቡዕም እንደ ልጅዎ እየመጣሁ አይዎታለሁ፣ ለአስተማሪዬ ብቻ እንዳይነግሩብኝ አለችኝ።

ጥሩዬ፣ ልቤ እሺ በላት አለኝ። እውነቱን ነው የምነግርሽ። ምን አለበት? እሷም ወዳ ነው፣ እኔም ሰው አገኘሁ፣ ማን ይጎዳል? እሺ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ከዚያ ግን ፊቷን አየሁት። የደስታ ፊት አልነበረም። ሥራ ያገኘች የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ፊት እንዲያ አይጠቁርም። ጥላኝ የምትሄድ መስሏት ፈርታ ነው ልቆይ ያለችው። እኔን ሽማግሌውን ተሸክማኝ አዳማ ልትቀር ነው። ዝም ብል ትቀራለች፤ ከዚያ አንድ ረቡዕ ይቀርባታል፣ ቀጥሎ ሁለት ይቀርባታል፣ በመጨረሻም እኔን እያፈረች ሰፈራችንን ዞራ የምታልፍ ትሆናለች። አንቺ በሩ ሥር ቁጭ ብለሽ ያለቀስሽበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅቷ ማለት ያቃታትን ከእኛ አንዳችን ማለት ነበረብን።

“ለሊሴ ልጄ፣ ሥራሽን ጨርሰሻል፣ በደንብ አድርገሽ ነው የጨረስሽው” አልኳት። “ባቱ ሂጂ። ከዛሬ በኋላ ረቡዕ አትምጪ፤ እኔም አልጠብቅሽም።”

የመጨረሻዋ ውሸት ናት። እጠብቃለሁ።

አለቀሰች። አይዞሽ አላልኳትም፤ ዝም ብዬ ጠበቅኋት፣ እንዳንቺ። ስትረጋጋ ምን ይዛ እንደምትሄድ ነገረችኝ፣ እኔም ምን እንደቀረልኝ ነገርኳት፤ የድንኳኑን ሰዎች፣ የዳማውን አጭበርባሪ። በሩ ድረስ ሸኘኋት። ትከሻዬን ሳመችኝና በራሷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ “ነጋቲ”፣ በሰላም ይቆዩ አለችኝ። እኔም “ነጋቲ” አልኳት። ባጃጅ ይዛ እስክትታጠፍ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ገብቼ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ቤቱ ጭር አለብኝ። ቴሌቪዥኑን አልከፈትኩትም፤ ዛሬስ ዝም ይበል ብዬ ዝምታውን እንዳለ ተውኩት።

ከቤተሰብ፣ ከጓደኛ ተለይቻለሁ፣ ሰው ግን በአግባቡ ተሰናብቼ የማውቀው ትናንት ነው። በዚያው ቁጭ ባልኩበት፣ ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ልትነግሪኝ የነበረው ምን እንደነበር ተገለጠልኝ። ቤቱም አይደለም፣ ማህሌትም አይደለችም። አንቺ ሥራሽን የምታውቂ ሴት ነበርሽ። ልትሰናበቺኝ ነበር። እኔ ለለሊሴ ያልኳትን ልትዪኝ፣ ታዴ እኔ ሄጃለሁ፣ አትጠብቀኝ ልትዪኝ ነበር። ዝም ብለሽ የምትቀሪ ሰው እንዳልሆንሽ እያወቅሁ እንዴት እስካሁን ጠፋኝ?

ለወራት በእነዚያ ሁሉ ጠያቂዎች ሳዝንባቸው ነበር። ብርቱካናቸውን ይዘው ለአንዲት ሰዓት እንኳ ቢወጡልኝ ምን ነበረበት እያልኩ። ከትናንት ጀምሮ ግን ቅሬታዬ ወጣልኝ። እንኳን አልወጡ። እንኳን ያቺን ቃል አልሰማኋት፤ ብትዪኝ ኖሮ እንደ ተማሪሽ እሺ ብዬ መጠበቄን እተው ነበር፣ አንቺ ያልሽኝን መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ?

ልጅቷን በትምህርትሽ ሸኝቻታለሁ፣ ኮርተሽብኝ ይሆናል። ወደ ድንኳኑም እወጣለሁ፣ ዳማውንም እጫወታለሁ፣ ማህሌትም ስትደውል ስልኩን ራሴ አነሣለሁ። ስምሽን ግን በዚህ ቤት ጠዋትም ማታም እጠራዋለሁ፤ ዘግይቶ ለመጣው ሁሉ ታሪክሽን ከመነሻው እነግረዋለሁ። እኔ ዲግሪ የለኝም ጥሩዬ። አልተሰናበትሽኝም፣ አልተሰናበትኩሽም፤ እንዲሁ እንዳለን እንቆይ።

ባልሽ ታደሰ
አዳማ